ከሕመም በኋላ ስለሚደርሰው የራስ ጠጉር መርገፍ

ሰው ከከባድ ሕመም ተነሥቶ፣ ትኩሳቱ ለቆት፣ እህል መቅመስ ጀምሮ፣ ዘመድ ወዳጁም «እንኳን እግዜር ማረህ» ብሎት ወደየቤቱ ከተመለሰ ሁለት ወይም ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ የራስ ጠጉሩ በድንገት መርገፍ የሚጀምርበት ጊዜ አለ። ጧት ሲነሣ ትራሱ ላይ ጠጉር ያገኛል፤ ማበጠሪያውን ባነሣ ቁጥር ጥርሶቹ በጠጉር ይሞላሉ፤ ራሱን ሲታጠብም በሳፋው ውስጥ ጠጉር ተንሳፎ ያያል። ይህ ሰው በሕመሙ ጊዜ ያልደነገጠውን ያህል አሁን ይደነግጣል። በሽታው ከሥጋው ውስጥ ያልወጣ ይመስለዋል፤ ወይም ሌላ ስሙ ያልታወቀ በሽታ እንደ ገባበት ያስባል። በዚህ ወር ጽሑፋችን የዚህን ነገር ምክንያት እንደሚከተለው ለመግለጽ አስበናል።

አንዳንድ አንባቢ፣ ስንት ገዳይ በሽታ ባለበት አገር ስለ ጠጉር መጻፍ ቅንጦት ነው ይለን ይሆናል። እኛም ቀደም ሲል እንደዚሁ እናስብ ነበር። አሳባችንን ያስለወጠችን ዕድሜዋ ሠላሳ ያልሞላ አንዲት ሴት ናት። ይህች ሴት የሳንባ ነቀርሳ፣ ማለት ዛሬ ብዙ ሰው ቲቢ እያለ የሚጠራው በሽታ ይዟት ሕክምና ጀምራ ነበር። ሳሉም የሌሊት ላቡም ቀርቶላት፣ ሰውነቷም መመለስ ከጀመረ በኋላ፣ በሦስተኛው ወር መድኃኒቱን በገዛ ፈቃዷ አቋረጠች። ሦስት ሳምንት ቆይታ ሳሉ ሲመለስባት እኅቷ ይዛት መጣች። ስለ ምን እንዳቋረጠች በጠየቅናት ጊዜ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ አንድ እፍኝ የሚያህል ጠጉር ጠረጴዛችን ላይ አኖረች። «ሳንባዬን አዳነና ራሴን ገፈፈኝ» አለችን። ከዚያም አንዱን ዘለላ መዝዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበችና በጫፉ ላይ ያለችውን፣ የመርፌ ራስ እንኳ የማታህል ነጭ ነጥብ አሳየችን። «ይኸው ሥሩ፤ ከነሥሩ ነው የሚነቀለው» አለች።

ጎረቤቶቿ ኪኒኑ ነው ብለዋታል። ኪኒኑን ከመጀመሯ በፊት ጠጉሯ ደኅና ነበር፤ ኪኒኑን ከጀመረች በኋላ ረገፈ፤ እንግዲህ ያረገፈው ኪኒኑ ነው። ነገሩ ለሚሰማው ሰው እውነት ይመስላል፤ ስሕተቱ ያለው በጊዜው አቈጣጠር ላይ ነው። ለዚህች ሴት የነገርናትን ነው አሁን ለአንባቢዎቻችን የምንጽፈው።

በሰው ራስ ላይ በግምት 100,000 ያህል ጠጉር ይገኛል። እያንዳንዱ ጠጉር ከቆዳው ውስጥ ካለች ረቂቅ ጕድጓድ ይበቅላል፤ ይህችንም ጕድጓድ ሐኪሞች ፎሊክል ብለው ይጠሯታል። ከቆዳ በላይ የምናየው ጠጉር ሕይወት የሌለው ነው፤ በመቀስ ሲቈረጥ የማያመንም ስለዚህ ነው። ሕያው የሆነው ክፍል በጕድጓዲቱ ግርጌ ያለው ነው። በዚያ ያሉት ሕዋሳት በሰው ሰውነት ውስጥ እጅግ ፈጥነው ከሚባዙት መካከል የሚቈጠሩ ናቸው፤ ይህ ነገር ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢ ልብ ይበለው።

ይሁን እንጂ ይህች ጕድጓድ ያለ ዕረፍት አትሠራም። ገበሬ ማሳውን ጥቂት ዓመታት አርሶ ካጨደ በኋላ ለአንድ ወራት ጦም እንደሚያሳድረው ሁሉ፣ እርሷም ጠጉሩን ከ2 እስከ 6 ዓመት ካሳደገች በኋላ ሥራዋን በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ታቆማለች፤ ከዚያም ሦስት ወር ያህል ታርፋለች። በዕረፍቱ ወራት አሮጌው ጠጉር እዚያው ቆሞ ይቆያል እንጂ ወዲያው አይወድቅም፤ ግርጌው ግን ደርቆና ተድቦልቡሎ ከምግብ ተለይቷል። ዕረፍቱ ሲፈጸም ጕድጓዲቱ አዲስ ጠጉር ታበቅላለች፤ አሮጌውም ተላቆ ይወድቃል። እንግዲህ ያች ሴት ሥር ነው ብላ ያሳየችን ነጭ ነጥብ ሥር አይደለችም። የደረቀው ግርጌ ናት። ሥሩ ቆዳው ውስጥ በሰላም ተቀምጧል። እንዲያውም ነጯ ነጥብ መታየቷ ጠጉሩ በተፈጥሮ ሥርዐት ዕረፍቱን ፈጽሞ የወደቀ መሆኑን የምታስረዳ ምልክት ናት።

በጤነኛ ሰው ራስ ላይ ከመቶው ጠጉር 85 ወይም 90 ያህሉ በማደግ ላይ ነው፤ የቀረው በዕረፍት ላይ ነው። ውሻና ፈረስ በወራት እየጠበቁ ጠጉራቸውን በአንድነት ሲለውጡ፣ የሰው ጠጉር ግን እያንዳንዱ በየራሱ ተራ ስለሚያርፍ በቀን ከ50 እስከ 100 ቢወድቅም ማንም አያስተውለውም። ማንኛችንም በየቀኑ ጠጉራችን እየረገፈ እንኖራለን።

አሁን ወደ ሕመሙ እንመለስ። ብርቱ ትኩሳት ሲይዘን ሰውነታችን በጠላት እንደ ተከበበ ከተማ ይሆናል። ያለውን ኃይልና ስንቅ ሁሉ ለመከላከያው ያውላል፤ ለጊዜው የማያስፈልገውንም ሥራ ያስቆማል። ልብ መምታት አለበት፤ ሳንባ መተንፈስ አለበት፤ ጠጉር ግን ጥቂት ወራት ባያድግ ሰው አይሞትም። ከዚህም ሌላ ሰውነት ተሐዋስያንን ለመዋጋት በደም ውስጥ የሚለቃቸው ልዩ ልዩ ቅመሞች ወደ ጠጉሩ ሥር ሲደርሱ በዚያ ያሉትን ፈጥነው የሚባዙ ሕዋሳት ሥራቸውን እንዲያቆሙ ያደርጓቸዋል። ስለዚህ ገና ሁለትና ሦስት ዓመት ሊያድግ ይችል የነበረ ብዙ ጠጉር፣ ተራው ሳይደርስ በአንድ ጊዜ ወደ ዕረፍት ይገባል። ከመቶው 10 ያርፍ የነበረው 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን በራሱ ላይ ምንም የሚታይ ነገር የለም፤ ያረፈው ጠጉር ሦስት ወር ያህል በቦታው ቆሞ ይቆያልና። የሚወድቀው ዕረፍቱ ሲፈጸም ነው። በአንድ ጊዜ ያረፈ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚነሣም ሰውየው ጠጉሩን በእፍኝ ያፍሰዋል።

ዛሬ የሚረግፈው ጠጉር እንግዲህ የትናንት ወሬ አያወራም፤ የሚያወራው ከሁለትና ከሦስት ወር በፊት የሆነውን ነው። ጠጉሩ ረገፈብኝ የሚል ሰው በመጀመሪያ ማድረግ የሚገባው የቀን መቍጠሪያውን አንሥቶ መርገፉ ከጀመረበት ቀን ወደ ኋላ ሁለትና ሦስት ወር መቍጠር ነው። በቈላ አገር በመስቀል ሰሞን ብርቱ ወባ ይዞት የዳነ ሰው፣ ጠጉሩ በታኅሣሥ ወር ውስጥ ወይም በገና ሰሞን መርገፍ ቢጀምር የሚያስደንቅ አይደለም። ሰው ግን በተፈጥሮው ምክንያትን የሚፈልገው ባለፈው ሳምንት ውስጥ ነው። በዚያ ሳምንት አዲስ ሳሙና ገዝቶ እንደ ሆነ ሳሙናውን ይጥላል፤ ጎረቤት ማበጠሪያ ተውሳው እንደ ሆነ ከጎረቤት ይቀያየማል፤ ሹሩባ ሠሪዋም ሳይቀር እጇ ክፉ ነው ተብላ ትታማለች።

እውነቱን ለመናገር ይህ ስሕተት የሕክምና ትምህርት የቀመሱትንም አያልፍም። በ2012 ዓ.ም. በባሕር ማዶ ለትምህርት ሳለን ኮቪድ ይዞን ከአንድ ሳምንት በላይ በትኩሳት ተኝተን ነበር። ድነን ወደ ትምህርታችን ከተመለስን በኋላ፣ በሁለተኛው ወር ግድም የመታጠቢያ ቤታችን የውሃ መውረጃ በጠጉር ተደፈነ። እኛም የዚያ ከተማ ውሃ ኖራ የበዛበት ስለ ሆነ ነው ብለን ፈረድን፤ ሳሙናም ለወጥን፤ የመጠጥ ውሃ በጠርሙስ እየገዛን ራሳችንን እስከ መታጠብ ደረስን። ከመምህሮቻችን አንዱ ከሁለት ወር በፊት ታመን እንደ ነበር ሲጠይቀን ነው በመጽሐፍ ያነበብነው ነገር በገዛ ራሳችን ላይ መድረሱን ያወቅነው። እስከ ዛሬ ድረስ ስናስበው ያሳፍረናል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከአንጀት ተስቦ የተነሣ ሰው ጠጉሩ እንደሚረግፍ የቀድሞ የሕክምና መጻሕፍት ጽፈውታል። በ1911 ዓ.ም. አገራችንን የመታው፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ የኅዳር በሽታ እያለ የሚያስታውሰው ኢንፍሉዌንዛ በዓለም ላይ በተዛመተ ጊዜም፣ ከሞት የተረፉት ሰዎች ከጥቂት ወራት በኋላ ጠጉራቸው እንደ ረገፈ የውጭ አገር ሐኪሞች አስተውለዋል። ይሁን እንጂ አካሄዱን አጥንቶ ዛሬ በሕክምና የሚጠራበትን ስም የሰጠው፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1961 ዓ.ም. አልበርት ክሊግማን የተባለ አሜሪካዊ የቆዳ ሐኪም ነው። ኮቪድ ከተነሣ ወዲህ ደግሞ በዓለም ሁሉ ብዙ ሰው ይህንኑ አይቷል። በኮቪድ ጊዜ መርገፉ አንዳንድ ጊዜ ከተለመደው ቀደም ብሎ፣ ሁለት ወር ሳይሞላም እንደሚጀምር ተገልጿል።

ወባ፣ ተስቦ፣ ግርሻ፣ የሳንባ ምች፣ እነዚህ ሁሉ ብርቱ ትኩሳት የሚያመጡ ስለ ሆኑ ጠጉርን ሊያረግፉ ይችላሉ። ትኩሳት የሌለባቸውም ምክንያቶች አሉ፤ ብዙ ደም የፈሰሰበት አደጋ፣ ከባድ ቀዶ ሕክምና፣ ምግብ በማጣት ወይም ለመክሳት ሲባል በጥቂት ጊዜ ውስጥ ብዙ ክብደት መቀነስ፣ ታላቅ ድንጋጤና ኀዘንም ጭምር። ከሁሉ ይልቅ በብዛት የሚታየው ግን በወለዱ እናቶች ላይ ነው። በእርግዝና ወራት በደም ውስጥ የሚበዙት ሆርሞኖች ጠጉሩ እንዳያርፍ ስለሚያደርጉት የነፍሰ ጡር ጠጉር የበዛና የለመለመ ይመስላል። ከወለደች በኋላ ሆርሞኖቹ በድንገት ሲቀነሱ ያ ሁሉ ሳያርፍ የቆየ ጠጉር በአንድነት ያርፍና ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይረግፋል። አራሷ ጡት በማጥባቷ የመጣ ይመስላታል፤ ጡት ማስጣል ያሰቡም አጋጥመውናል። ጡት ቢያጠቡም ባያጠቡም ጠጉሩ ይረግፋል፤ ተመልሶም ይበቅላል፤ ስለዚህ ሕፃኑን ከእናቱ ወተት መለየት ያለ ምክንያት መበደል ነው።

ወደ ሳንባ ነቀርሳዋ ሕመምተኛ ነገር እንምጣ። ሳንባ ነቀርሳ እንደ ወባ በአንድ ቀን አይወድቅም። በሽታው ተመርምሮ እስኪታወቅ ድረስ ሳምንታትና ወራት ሙሉ ማታ ማታ ትኩሳት፣ ሌሊት ላብ፣ የምግብ ጥላቻና መክሳት አለ። ጠጉሩ ወደ ዕረፍት የገባው በነዚያ ክፉ ወራት ነው። ሕክምናው የሚፈጀው ብዙውን ጊዜ 6 ወር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፣ በቀሩት 4 ወራት ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይሰጣል። ሰዓቱን ተመልከቱ፤ በበሽታው ያረፈው ጠጉር የሚወድቀው ሕመምተኛው መድኃኒቱን ጀምሮ ሁለትና ሦስት ወር ሲሆነው፣ ልክ መዳኑ በሚሰማው ጊዜ ነው። ከመድኃኒቶቹ መካከል ጠጉርን ነካ ተብሎ የተጻፈለት የለም አንልም፤ ይህ ግን እጅግ ጥቂት በሆኑ ሰዎች ላይ ብቻ የታየ ነው። ቢሆንስ እንኳ፣ ከጠጉር መርገፍ ማንም አይሞትም። መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ግን ሳንባው ውስጥ ያልሞቱት ተሐዋስያን መድኃኒቱን ተላምደው ይነሣሉ፤ ያን ጊዜ ማከሙ የበለጠ ጊዜና ብርቱ መድኃኒት የሚጠይቅ ይሆናል፤ የቤቱም ሰው ሁሉ በመተላለፉ አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የሳንባ ነቀርሳ፣ የኤች አይ ቪ፣ የደም ብዛት፣ የሚጥል በሽታም ሆነ ማናቸውንም መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ጠጉሩ ቢረግፍ መድኃኒቱን ይዞ ወደ ሐኪሙ ይምጣ እንጂ ቤቱ ተቀምጦ አያቋርጥ። እውነት ምክንያቱ መድኃኒቱ ሆኖ ከተገኘ የሚለውጠው ሐኪሙ ነው። ለደም መርጋት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችና ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮዌት ጠጉርን ሊያሳሱ እንደሚችሉ የታወቀ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ሌላ ጉዳት ሳናነሣ ብናልፍ ደስ አይለንም። ከ1980ዎቹና ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በሕዝባችን ዘንድ የጠጉር መሳሳት የኤች አይ ቪ ምልክት ሆኖ ተቈጥሯል። ከወባ ወይም ከተስቦ የተነሣ ሰው ጠጉሩ ሲረግፍ ጎረቤት ዓይን ለዓይን ይጠቃቀሳል፤ ባልና ሚስትም ይጠራጠራሉ። ኤች አይ ቪ ሕክምና ሳያገኝ ሲቆይ ሰውነትን ስለሚያከሳ ጠጉርም ሊያሳሳ ይችላል፤ ነገር ግን ጠጉሩን አይቶ የደሙን ነገር ማወቅ የሚችል ሰው የለም። መጠራጠር ካለ የደም ምርመራ አለ።

የጠጉር መርገፍ ሁሉ ግን ከሕመም በኋላ የሚመጣ ዕረፍት ነው ብሎ መደምደም ሌላ ስሕተት ነው። ከላይ የገለጽነው መርገፍ መላውን ራስ በእኩልነት ያሳሳል እንጂ አንድ ቦታ ለይቶ አይገልጥም፤ የራሱ ቆዳም አያሳክክም፣ አይቈስልም፣ አይቀላም። በሳንቲም ልክ ክብ ሆኖ ልስልስ ያለ ራሰ በራ ቦታ የወጣበት ሰው ላሽ ይዞት ይሆናል፤ ይህ ሰውነት የገዛ ጠጉሩን ሥር በስሕተት የሚያጠቃበት ሕመም ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በልጆች ራስ ላይ ጠጉሩ ተሰባብሮ፣ ቆዳው ቅርፊት አውጥቶ ቢታይ ቆረቆር ሊሆን ይችላል፤ ቆረቆር ተላላፊ ነው፤ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል እንጂ ቅባት ብቻውን አያድነውም። ብል እንደ በላው ጨርቅ እዚህም እዚያም ተቦጫጭቆ የሳሳ ጠጉር ሲታይ ሐኪም የቂጥኝ ምርመራ ያዝዛል። የቅንድብ ጠጉር እየረገፈ በቆዳ ላይ የማይሰማ ነጣ ያለ ቦታ ከወጣም ለሥጋ ደዌ መመርመር ያስፈልጋል። በግንባርና በጆሮ ግንድ በኩል ብቻ ያለው ጠጉር የሸሸባት ሴት ደግሞ ጥፋቱን ከትኩሳት ሳይሆን አጥብቆ ከተሠራ ሹሩባ ትፈልገው፤ ለዓመታት የተወጠረ ጠጉር ሥሩ ጠባሳ ከያዘ አይመለስም። ይህ ከሕመም የመጣው የማያደርሰውን ጉዳት ያደርሳል። የነቀርሳ ዕጢ ሕክምና የሚያመጣውም መርገፍ ከዚህ የተለየ ነው፤ መድኃኒቱ በማደግ ላይ ያለውን ጠጉር ስለሚመታ ሦስት ወር አይጠብቅም፤ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ራስን ያራቍታል።

መላው ራስ በእኩልነት እየሳሳ መርገፉ ከ6 ወር በላይ ከቀጠለ፣ ወይም ወደ ኋላ ሲቈጠር ምንም ሕመም ካልተገኘ፣ ምክንያቱ ገና በሰውነት ውስጥ አለ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ የሚመረምረው በተለይ ሁለት ነገሮችን ነው። አንደኛው የደም ማነስና የብረት ማዕድን እጥረት ነው፤ የወር አበባ በሚበዛባቸውና በተከታታይ በሚወልዱ ሴቶች፣ የመንጠቆ ትል በያዛቸውም ሰዎች ላይ ይገኛል። ሁለተኛው የእንቅርት ዕጢ ሥራ መዛባት ነው።

ጠጉሩ ገና መርገፉን የቀጠለ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ሐኪም የሚያደርገው ቀላል ነገር አለ። 50 ያህል ጠጉር በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዞ ከሥሩ እስከ ጫፉ በቀስታ ይስባል። ከ5 በላይ ከወጣ መርገፉ አልቆመም። በቤት ውስጥ ግን ይህን በየቀኑ መሞከር አይገባም፤ አንዳንድ ሰው ጠጉሩን ሲቈጥርና ሲስብ ውሎ ያድራል፣ ልቡም አብሮ ይረግፋል።

መድኃኒቱስ ምንድን ነው ለሚል ጠያቂ እውነተኛው መልስ አያስደስትም፤ መድኃኒቱ ጊዜ ነው። ምክንያቱ ያለፈ ከሆነ መርገፉ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይቆማል። በገበያ ስለሚሸጡት ልዩ ልዩ ቅባቶች ያለን አስተያየት አጭር ነው፤ ሻጩ የሚመካበት ውጤት ቅባቱ ባይኖርም በራሱ የሚመጣ ነው። ለጋ ቅቤ መቀባት ጠጉሩን ያለሰልሳል እንጂ አያበቅልም፤ የሚወድ ሰው ቢቀባ ግን አንከለክልም። ነጭ ሽንኩርት ፈጭቶ በራስ ቆዳ ላይ ማሰር ቆዳውን ያቃጥላል። ነጭ ጋዝ መቀባትማ ፈጽሞ የማይገባ፣ በእሳት አጠገብም ሕይወት የሚያጠፋ ነው። ተላጭቶ ወፍሮ ይበቅላል የሚለውም አባባል እውነት የለውም፤ የተቈረጠ ጠጉር ጫፉ ድፍን ስለሚሆን የወፈረ ይመስላል እንጂ ምላጭ ከሥሩ አይደርስም።

ብዙዎች ጠጉር እንዳይረግፍ ሲሉ መታጠብና ማበጠር ይተዋሉ። የሚወድቀው ግን አስቀድሞ የተላቀቀው ነው፤ በየቀኑ ያልወደቀው ተከማችቶ በሳምንቱ ቢታጠቡ በአንድ ጊዜ ስለሚወርድ የበለጠ ያስደነግጣል። ራስን በለብታ ውሃና በለስላሳ ሳሙና መታጠብ፣ ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ ማበጠር፣ ሹሩባውንም አላልቶ መሥራት መልካም ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው የአገገመ ሰው ምግብ ነው። ጠጉር የሚሠራው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ስለ ሆነ፣ ከሕመም የተነሣ ሰው አጥሚት ብቻ እየጠጣ ሊቆይ አይገባም። እንቁላል፣ ወተት፣ በደንብ የበሰለ ሥጋ፣ በጾም ወራትም ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ሽሮ በየዕለቱ ይብላ። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ ሲታከልበት ወደ ደም በይበልጥ ይገባል። በተቃራኒው ሻይና ቡና ያግዱታል። ቡናውን ተዉ ብንል የሚሰማን እንደሌለ እናውቃለን፤ የምንለምነው ከምግቡ ጋራ እንዳይሆንና አንድ ሰዓት ያህል እንዲቆይ ነው። የቪታሚን ኪኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መዋጥን ግን አንደግፍም። ቪታሚን ኤና ሴሌንየም የተባለው ማዕድን ከመጠን ሲያልፉ ራሳቸው ጠጉር ያረግፋሉ፤ ለጠጉር ነው ተብሎ በብዛት የሚሸጠው ቢዮቲንም የእንቅርት ዕጢንና የልብን የደም ምርመራ ውጤት የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። ቢዮቲን የሚወስድ ሰው ደም ከመስጠቱ በፊት ለሐኪሙ ይንገር።

ጠጉር በወር የሚያድገው በግምት 1 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ እንደኛ ጠጉሩ ከርዳዳ በሆነ ሰው ደግሞ ከዚህ ጥቂት ያነሰ ነው። ስለዚህ መርገፉ ከቆመ በኋላ ራስ እንደ ቀድሞው ሞልቶ እስኪታይ አንድ ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም ዓመት ተኩል ይፈጃል። በመጀመሪያ የሚታየው ምልክት በግንባር ጠርዝ ላይ የሚወጡት ቀጥ ብለው የሚቆሙ አጫጭር ጠጉሮች ናቸው። አንዳንድ ሴቶች እነዚህን የተሰባበረ ጠጉር መስሏቸው በቅባት አጣብቀው ወደ ኋላ ይወጥሯቸዋል። ልዩነቱ በጫፉ ይታወቃል፤ የተሰበረ ጠጉር ጫፉ ድፍን ወይም የተሰነጠቀ ነው፤ አዲስ የበቀለ ግን ጫፉ እንደ መርፌ የቀጠነ ነው።

ያች ሴት መድኃኒቷን በዚያው ሳምንት እንደ ገና ጀመረች፤ የአክታ ምርመራ ተደርጎላት ተሐዋስያኑ መድኃኒቱን ያልተላመዱ መሆናቸው ታወቀ። ሕክምናዋን ፈጽማ ለመጨረሻው ምርመራ በመጣች ጊዜ ሻሿን ሳንጠይቃት ገለጠችልን። ግንባሯ ላይ አንድ ጣት የማይሞላ አዲስ ጠጉር ዙሪያውን ቆሟል፤ እኅቷም ለሹሩባ አልያዝ አለኝ እያለች ታማርራለች።